የካሴቱ ባለቤት ማነው?

እስኪ ዛሬ ማታ የቤታችሁን ቡፌ የታችኛውን በር ክፈቱት። ከእንግዳ ብርጭቆው ጀርባ፣ ከማይሠራው ካልኩሌተርና ከድሮ የመብራት ደረሰኝ ሥር ጥቁር የቪዲዮ ካሴት ታገኛላችሁ። አንድ ብቻ ከሆነ ጥቂት ነው፤ ብዙ ቤት አራት አምስት አያጣም። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ «የአልማዝ ሠርግ»፣ «የባቢ ክርስትና»፣ «መልስ ቁ. 2» ተብሎ ተጽፏል። አንዱ ላይ ደግሞ «ባዶ» ይላል። እሱን አትመኑት። «ባዶ» የተባለ ካሴት እውነትም ባዶ ሆኖ ሲገኝ እኔ አላየሁም።

ካሴቱ አለ፤ ማጫወቻው ግን የለም። ያ በዳንቴል ተሸፍኖ ከቴሌቪዥኑ ሥር ይቀመጥ የነበረው፣ ልጅ እንዳይነካው እንደ ታቦት ይጠበቅ የነበረው ዴክ የት ገባ? አንዱ ከጅዳ፣ አንዱ ከቤይሩት፣ አንዱ ከጅቡቲ በስንት ልመና የመጣ ነበር። በኋላ ሲዲ መጣ፤ ሲዲውን ዲቪዲ፣ ዲቪዲውን ፍላሽ፣ ፍላሹን ስልክ ተካው። ዴኩም አንድ ቀን ከተሰበረ ወንበር ጋር ለቆራሌው ተሰጠ።

ይህ የእኛ ቤት ጣጣ ብቻ አይደለም። ቪኤችኤስ የምንለውን ካሴት የጃፓኑ ጄቪሲ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ2016፣ ማጫወቻውን በመሥራት የመጨረሻ ሆኖ የቀረው ፉናይ የተባለ ሌላ የጃፓን ኩባንያ ማምረቱን አቆመ። ዩኔስኮና ዓለም አቀፉ የድምፅና የምስል ቤተ መዛግብት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 የማስጠንቀቂያ ደወል አሰሙ፤ የሚሠሩ ማጫወቻዎች በፍጥነት እየጠፉ ስለሆነ፣ ካሴትን እንደ ተራ ሥራ ማስገልበጥ የሚቻለው እስከ 2025 ገደማ ብቻ ነው አሉ። ያ ዓመት አሁን ከኋላችን ነው።

ካሴቱ ራሱም ድንጋይ አይደለም። በስስ ላስቲክ ላይ በሙጫ የተለጠፈ የብረት ዱቄት ነው በሉት። ሙቀትና እርጥበት ሲፈራረቁበት ሙጫው ይለቃል፣ ሻጋታ ይይዘዋል፣ ምስሉም በረዶ የሚጥልበት ይመስላል። እንዲህ የተጎዳውን ካሴት ወደ ዴክ ሲከቱት ደግሞ የባሰ ይመጣል። ዴኩ ይበላዋል።

ስለዚህ ካሴታችሁን ቶሎ አስገልብጡ። በዚህ ምክር የሚቃወመኝ ያለ አይመስለኝም። እኔን ያሳሰበኝ ግን ቀጥሎ የሚመጣው ነገር ነው። ካሴቱን ይዛችሁ አስገልባጩ ዘንድ ስትደርሱ አንድ ጥያቄ ይጠይቃችኋል።

«ሙሉውን ነው ወይስ ዋና ዋናውን?»

ቀላል የንግድ ጥያቄ ትመስላለች። እኔ ግን ስለ ሥነ ምግባር ከተጻፉ ወፋፍራም መጻሕፍት እኩል የምትከብድ ጥያቄ ሆና አግኝቻታለሁ።

ይህን ሥራ የሚሠራ አንድ ወዳጅ አለኝ። ሁለት አሮጌ ዴኮች፣ አንድ ኮምፒዩተር፣ ሁለቱን የምታገናኝ አንዲት ትንሽ መሣሪያ፣ ሄድ የሚጠርግበት አልኮልና ጥጥ፤ ሱቁ ይኸው ነው። ሥራው ጥድፊያ አያውቅም። የሦስት ሰዓት ካሴት ለማስገልበጥ ሦስት ሰዓት ይፈጃል፤ ካሴቱ እንደ ድሮው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ መጫወት አለበት። «ሳልጠራ የታደምኩት ሠርግ ብዛት!» ይላል እየሳቀ። «ምግቡን አልበላሁም እንጂ ያልጨፈርኩት የለም።»

ሰዎች ምን ቁረጥልን እንደሚሉት አጫወተኝ። አንዷ «የመጀመሪያ ባሌ ያለበትን በሙሉ አውጣልኝ» አለችው። ካሴቱ የሠርግ ካሴት ነው! ሙሽራው ከወጣ ምን እንደሚቀር አስቡት፤ ድንኳንና ድስት። ሌላው ከወንድሙ ጋር በቤት ውርስ ተካሷልና ወንድምየው እስክስታ የሚወርድበት ክፍል እንዲጠፋለት ይፈልጋል። አንዱ በደርግ ጊዜ ካኪ ለብሶ ከሙሽሮች ጎን የቆመውን አጎቱን ማየት አይወድም። አንዷ ደግሞ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሳለች የተሠራችው ፀጉር ያሳፍራታል። ይህቺኛዋን እንኳ እኔም አዘንኩላት።

ከሁሉ የሚበዛው ግን በጥላቻም በሐፍረትም የሚቆርጥ አይደለም። «የማይረባውን ዝለለው» የሚል ነው። የማይረባው ምንድነው ብትሉ፣ ሴቶች ጓዳ ሽንኩርት ሲከትፉ፣ ድንኳን ሲተከል፣ ልጆች ካሜራው ፊት ምላሳቸውን ሲያወጡ፣ ካሜራማኑ ማጥፋቱን ረስቶ ጫማውን ሲቀርጽ። ዋና ዋናው የሚባለውስ? ቀለበት፣ ኬክ፣ ግዮን ሆቴል ግቢ አበባ መሀል የቆሙ ሙሽሮች፣ በልብ ቅርጽ ውስጥ የሚሽከረከር ፎቶ።

አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። የሰዎቹን ስም አልጠራም።

አንዲት እናት ከዋሽንግተን የመጣ ወንድሟ በ1988 ዓ.ም. የልጇን ልደት የቀረጸበትን ካሴት ወዳጄ ዘንድ ይዛ መጣች። ካሴቱ ለዓመታት አልታየም ነበር። ምክንያቱም የአሜሪካ ካሴት ኤንቲኤስሲ በሚባለው አሠራር፣ በሴኮንድ 30 ያህል ምስል ይቀረጻል፤ የእኛ አገር እንደ አብዛኛው አውሮፓ ፓል የሚባለውን፣ የ25ቱን ይጠቀማል። ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ ካልተገኘ ምስሉ ይንከባለላል፣ ቀለሙም ይጠፋል። ወዳጄ ሁለቱንም የሚያነብ ዴክ አለው። ሴትየዋ «ሻማው የሚጠፋበትንና ኬኩ የሚቆረጥበትን ብቻ» አለችው። እሱም ለማሽኑ ያው ነው ብሎ ሙሉውን ገለበጠና፣ በፍላሹ ላይ አጭሩን አስቀድሞ፣ ረጅሙን «ሙሉ» በሚል ፎልደር አኖረላት።

ዓመት ሳይሞላ አንዲት ወጣት የሴትየዋን በር አንኳኳች። እናቷ በዚያ ቤት ሠራተኛ ነበረች። ልጅቱን ለአያቷ ትታ አዲስ አበባ ገባች፤ ልጅቱ ሦስት ዓመት ሳይሞላት ሞተች። ልጅቱ በእጇ ያለው የእናቷ ምስል የቀበሌ መታወቂያ ላይ የነበረው፣ ማኅተም ግማሽ ፊቱን የሸፈነው ጉርድ ፎቶግራፍ ብቻ ነው። «እትዬ፣ እናቴ እዚህ ስትሠራ የተነሣችው ነገር ይኖር ይሆን?» አለች።

አልበሙ ተገላበጠ። የለችም። የቤት ሠራተኛ ፎቶ ሲነሣ ልጅ ይዛ ከጎን የምትቆም ናት፤ ወይም «እስኪ አንቺ ዞር በይ» የምትባል። አጭሩ ቪዲዮ ታየ፤ እዚያም የለችም። «ሙሉ» የሚለው ሲከፈት ግን፣ አጎትየው ካሜራውን ሳያጠፋ ጠረጴዛ ላይ ያስቀመጠበት ቦታ ላይ፣ የጓዳው በር ይታያል። በሩ ይከፈታል። አንዲት ወጣት ሴት ትኩስ ዳቦ በትሪ ይዛ ትወጣለች። «ኧረ እንዳያቃጥላችሁ!» ትላለች። የአንዱን ልጅ አፍንጫ በነጠላዋ ጫፍ ትጠርጋለች፣ ትስቃለች፣ ተመልሳ ትገባለች። አርባ ሴኮንድ ቢሆን ነው።

ልጅቱ ስለ መልኳ ምንም አላለችም አሉ። «ድምጿ እንዲህ ነበር?» ብላ ነው የጠየቀችው።

እንግዲህ «የማይረባው ክፍል» የተባለው ይኸው ነው። ለካሴቱ ባለቤት አይረባም ነበር። ለአንዲት ሌላ ሰው ግን በዚህ ምድር ላይ የቀረ የእናት ድምፅ ማለት እሱ ብቻ ነው።

በዚህ ነገር ትልልቆቹም ይታማሉ። እ.ኤ.አ. በ1969 ሰው ጨረቃ ላይ ሲረግጥ ናሳ በቀጥታ የተቀበለበት ዋናው ካሴት የት እንደገባ ለዓመታት ተፈለገ። በ2009 የተሰጠው መልስ፣ ካሴት ባጠረ ጊዜ ተደምስሶ ሌላ ሳይቀዳበት አልቀረም የሚል ነበር። ዛሬ የምናየው በቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተቀድቶ ከተረፈው የታደሰ ነው። የእንግሊዙ ቢቢሲም የ1960ዎቹን ዝነኛ ተከታታይ ድራማ፣ «ዶክተር ሁ»ን፣ ብዙ ክፍሎች ራሱ ደምስሷል። ዘጠኙ ክፍሎች ናይጄሪያ ውስጥ፣ ጆስ በተባለች ከተማ በነበረ የቴሌቪዥን ጣቢያ መደርደሪያ ላይ ተገኝተው እ.ኤ.አ. በ2013 ለሕዝብ ይፋ ሆኑ። የጨረቃን ጉዞ ያቀደ መሥሪያ ቤት ነገ ምን እንደሚፈለግ ማወቅ ካቃተው፣ እኔና እናንተ ቡፌ ሥር ቁጢጥ ብለን የሚረባውንና የማይረባውን እንለያለን ማለት ድፍረት አይሆንም?

«ካሴቱ የእኔ፣ ብሩ የእኔ፣ ማን አግብቷችሁ?» የሚለኝ እንደሚኖር አውቃለሁ። ይህን ጥያቄ በቀላሉ አላልፈውም። በርግጥ ላስቲኩን የገዛችሁት እናንተ ናችሁ። ካሜራማኑን የከፈላችሁትም እናንተ ናችሁ። በላስቲኩ ላይ የታተሙት ፊቶች ግን የእናንተ ናቸው? አያትየው ሲመርቁ፣ ጎረቤት ወይዘሮ እልል ሲሉ፣ ሚዜው ላቡን ሲጠርግ፣ ማንም «ምስሌን ሸጥኩላችሁ» አላለም። ወደዱም ተገደዱም፣ ያን ቀን ራሳቸውን እናንተ ዘንድ ትተው ሄዱ። በአማርኛ ለዚህ ዓይነቱ ነገር ስም አለን፤ አደራ ይባላል።

አደራ ምን እንደሆነ ለእናንተ ማስረዳት ለቀባሪው ማርዳት ነው። ጎረቤት ወደ አገር ቤት ሲሄድ ቁልፉን ይተዋል። ዐረብ አገር የምትሄድ እህት ልጇን ትተዋለች። የተቀበለው ሰው ገንዘቡን አይቆጥርበትም፣ ዕቃውን አይሸጥበትም፣ «ይሄኛው ስለማይረባኝ ጣልኩት» አይልም። አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ ይባላል። በእኛ ዘንድ ከሌባም በላይ የሚያሳፍር ስድብ አደራ በላ መባል ነው። ዴክ ካሴት ይበላል፤ አደራ የሚበላው ግን ሰው ነው።

ይህን ከተቀበልን ካሴት የያዘ ሰው ባለአደራ እንጂ ባለቤት አይደለም ማለት ነው። መጠበቅ ይችላል፤ መደምሰስ ግን የሱ ፋንታ አይደለም።

ወደዚያች የመጀመሪያ ባሏን ወዳስወጣችው ሴት እንመለስ። ቅድም ስቀናል። ግን ምን እንዳየች ማን ያውቃል? ምናልባት ያ በካሴቱ ላይ በነጭ ጓንት እጇን የያዘው ሰውዬ በኋላ በዚያው እጁ ጥርሷን ያወለቀ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለችን ሴት «የለም፣ ቁጭ ብለሽ እዪው፣ አደራ ነው» ማለት ጭካኔ ነው። አደራ መጠበቅ ማየትን ግድ አይልም። የተቆረጠ ቅጂ ይሠራላት፤ እሱን ትየው፤ ዋናውን ደግሞ ዓይኗ ከማያርፍበት፣ እህቷ ቤት ወይም ወንድሟ ቤት ታስቀምጠው። ምክንያቱም በዚያው ካሴት ላይ ዛሬ የሌሉት እናቷ ሲመርቋት ይሰማል። ልጆች ካሏትም የሰውየው ደም አለባቸው፤ አንድ ቀን «አባቴ ምን ይመስል ነበር?» ይላሉ። ጥያቄው የሷ አይደለም፤ መልሱን የማቃጠል ሥልጣንም የሷ ብቻ አይደለም።

ታዲያ መቁረጥ የሚገባበት ጊዜ የለም? አለ እንጂ። ራቁቱን የሚሮጥ ሕፃን ዛሬ የሠላሳ ዓመት ጎልማሳ ነውና «ይህን አታሳዩብኝ» ሊል መብቱ ነው። ሐዘን ላይ ራሷን ስታ ልብሷ የተገለጠ እናት ምስል ለማንም አይጠቅምም፤ ክብሯን ይነካል እንጂ። እኔ የማውቀው መለኪያ አንድ ነው። መቀሱን ከማንሣታችሁ በፊት፣ መቆረጡ የሚጠቅመው ለማን ነው ብላችሁ ጠይቁ። ለተቀረጸው ሰው ክብር ከሆነ ቁረጡ፣ ይገባልም። ለያዡ ቂም፣ ለያዡ ሐፍረት ወይም ለያዡ መሰልቸት ከሆነ ግን መቀሱን አስቀምጡት።

ይኸው መለኪያ ለሌላ ጉዳይም ይሠራል። እሱም የመቁረጥ ተቃራኒ የሆነው መበተን ነው።

ካሴት በነበረ ጊዜ የሰው ገመና በር ነበረው። አጎት ጠጅ ቀምሰው ሲጨፍሩ ለማየት የፈለገ ሰው ቤታችን መምጣት፣ ጫማውን በሩ ላይ ማራገፍ፣ ቡና መጠጣት ነበረበት። የሚስቀው ከዘመድ ጋር፣ በዘመድ ፊት ነበር። ቪዲዮው ወደ ስልክ ሲገባ በሩ ተነቀለ። ዛሬ አንድ የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ ከዚያ የሦስት ሰዓት ካሴት አሥራ አምስት ሴኮንድ ቆርጦ፣ ዘፈን ጨምሮበት ቲክቶክ ላይ ይለቀዋል። ማታ አገር ይስቃል። የሚሳቅባቸው ሰውዬ ዛሬ ሽማግሌ ሆነው ሰው የሚያስታርቁ፣ የልጅ ልጅ ያዩ፣ ምናልባትም ጠጅ ከተዉ ሃያ ዓመት የሆናቸው ናቸው። ያን ቀን የጨፈሩት ለዘመድ ሙሽራ ነበር፤ ለማያውቃቸው ሕዝብ አልነበረም።

ይህ የሥነ ምግባር ብቻ ሳይሆን የሕግም ጉዳይ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 27 የአንድን ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በሕዝብ ፊት ማሳየትን፣ ማባዛትንና መሸጥን ይከለክላል። ልብ በሉ፣ ይህ ሲጻፍ ቪዲዮ ካሴትም፣ ኢንተርኔትም አልነበረም። ሕጉን የጻፉት ሰዎች የሰው መልክ የሰውየው መሆኑን ለማወቅ ቴክኖሎጂ አላስፈለጋቸውም።

አሁን ወደ ሥራው። ካሴታችሁን ስታስገለብጡ ሙሉውን አስገልብጡ፤ ዋና ዋናውን ከፈለጋችሁ ከሙሉው ላይ ሌላ ቅጂ ይወጣላችኋል። የሠርግ ቪዲዮ ከሆነ ያልተቀናበረው ዋናው ካሴት ካለ እሱን ፈልጉ። ያኔ አቀናባሪዎች በሙሉው ላይ ዘፈን ይጭኑበት ስለነበር የአባትን ምርቃት አፋቸው ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ እንጂ አትሰሙትም። ከተገለበጠ በኋላም ካሴቱን አትጣሉት። ፍላሽ ይጠፋል፣ ሃርድ ዲስክ ይሞታል፣ ቤት ውስጥ የተቀዳ ሲዲም ይበላሻል። ሁለት ቅጂ በሁለት ቤት ይቀመጥ። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል የሚባለው ለዚህ ነው።

ከካሴቱ በፊት የነበረው የስምንት ሚሊሜትር ፊልም ያላችሁ ጥቂቶች ካላችሁ ደግሞ እጥፍ ተጠንቀቁ። ከ1965 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ኮዳክ ያወጣው ሱፐር ኤይት የሚባለው አንዱ ጥቅል የሚይዘው ሦስት ደቂቃ ከሃያ ሴኮንድ ብቻ ነው፤ አብዛኛውም ድምፅ የለውም። ሦስት ደቂቃ ብቻ ያለው ሰው ማንን እንደሚቀርጽ አስቦ ነው የሚቀርጸው። በዚያ ውስጥ የማይረባ የሚባል ነገር ፈልጋችሁ አታገኙም። በማይታመን ፕሮጀክተርም አታጫውቱት፤ ፊልሙ ደርቆ ከሆነ ይበጠሳል። እያንዳንዷን ምስል ለየብቻ ለሚያነሣ ባለሙያ ስጡት።

የመጨረሻውና የሚያስቸኩለው ግን ማሽን አይፈልግም። የተገለበጠውን ቪዲዮ ይዛችሁ እናታችሁ ወይም አያታችሁ ዘንድ ሂዱ። ወረቀትና እስክሪብቶ ያዙ። አጫውቱት፣ ፊት በታየ ቁጥር አቁሙት፣ «ይቺ ማናት?» በሉ። ያቺ በጓዳው በር የምታልፈውን፣ ያን ድንኳን የሚተክለውን፣ ያቺን ዳር ቆማ የምታጨበጭበውን አትዝለሉ። ስማቸውን፣ የማን ልጅ እንደሆኑ፣ አሁን የት እንዳሉ ጻፉ። ምስሉን ማሽን ሊያተርፈው ይችላል፤ ስሙን ግን የሚያውቁት ሰዎች በየዓመቱ እየቀነሱ ነው። ስም የሌለው ፊት ደግሞ ማንም መጥቶ ሊጠይቀው አይችልም። ያቺ በር ያንኳኳችው ልጅ እናቷን ያገኘቻት የቤቱ እመቤት «አዎ፣ እሷ ናት» ለማለት በሕይወት ስለነበረች ነው።

ስለዚህ አስገልባጩ «ሙሉውን ነው ወይስ ዋና ዋናውን?» ሲላችሁ መልሳችሁን አስባችሁ ሂዱ። አደራ።